ካዛንቺስ ላይ የቆመች መኪና መብራቷን ከየት ታመጣለች?

ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሯን በመንቀል ማኪያቶ ሊሸጥባት ያሰበ፣ አይሱዙ ላይ ሳጥን አሠርቶ በርገር ሊጠብስ የተነሳ፣ ላንድክሩዘሩ ውስጥ አልጋና ፍሪጅ ገጥሞ ከከተማ ሊወጣ የጓጓ፣ ሁሉም ጋራዥ ሲደርሱ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጣሪያዋ ስንት ሶላር ይችላል?» ቂርቆስ ውስጥ ከበቅሎ ቤት እስከ ላንቻ ባሉት ጋራዦች ለዚህ ጥያቄ መልስ አይጠፋም። ላሜራ ሠሪውም፣ ኤሌክትሪሺያኑም፣ ዕቃ ሻጩም የየራሱ ቁጥር አለው። ችግሩ ጥያቄው ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። በእኔ ግምት ካዛንቺስ ላይ ለምትውል መኪና ሶላር ሦስተኛ ጉዳይ ነው። አንደኛው ሙቀቱ ከምን ይምጣ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ባትሪው ማታ የት ይሰካ የሚለው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ብዙ ብር ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ሐምሌ ሲገባ ፍሪጁን ማጥፋት ይጀምራል።

ጉዳዩ አሁን የበረታው በአጋጣሚ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ነባሩን ካዛንቺስ ሲያነሳ፣ ከመኖሪያ ቤቶቹ ጋር ብዙ ጠባብ ሥራ አብሮ ተነስቷል፤ የጀበና ቡና፣ ቁርስ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፀጉር ቤት። ከአከራይ ቆጣሪ አንድ ሽቦ ስበው በአንድ ዲቫይደር የሚኖሩ ሥራዎች ነበሩ። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት የሚጠየቀው ኪራይ እነሱን ታሳቢ ያደረገ አይደለም። እንግዲህ ሥራዬን ጎማ ላይ ላውጣው የሚል ሰው ቢበዛ ምን ይገርማል? የት ቆሞ መሸጥ ይፈቀዳል የሚለው የወረዳውና የትራፊኩ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ባትሪና ኢንቨርተር ዋጋው አብሮ ተሰቀለ። ተሳስቶ መግዛት ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያማል።

መኪናን ቤት ማድረግን አስቀድመው ያሳዩን የሩቅ አገር ተጓዦች ናቸው። ከካይሮ ኬፕታውን፣ ከኬፕታውን ካይሮ የሚነዱት ለዓመታት ለገሃር አካባቢ በነበረው ዊምስ ሆላንድ ሃውስ ግቢ ያርፉ ነበር፤ ግማሽ ቤት ግማሽ ካሚዮን የሚመስሉ መኪናዎቻቸውን ያየ የቂርቆስ ልጅ ብዙ ነው። ዛሬ በዩቲዩብ የምናገኘው ምክርም በአብዛኛው የተሰናዳው ለእንዲህ ዓይነቱ ተጓዥ ነው። ተጓዡ ግን በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ይነዳል፣ ሲቆምም ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ቡና የሚያፈላው ለራሱና ለሚስቱ ነው። የእኛዋ ሚኒባስ በቀን ሁለት ሰዓት ብትሄድ ነው፤ የቀረውን ከፎቅ ሥር ቆማ ለመቶ ሰው ታፈላለች። የእሱን ዕቅድ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

ከሙቀት እንጀምር፤ ዕቅድ ሁሉ የሚሰበረው እዚያ ነውና። ለብርሃን፣ ለስልክ፣ ለፍሪጅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃል። ውሃ ማፍላትና ምጣድ ማጋል ግን ሌላ ዓለም ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ እስከሚፈላበት 92 ዲግሪ ገደማ ለመድረስ 86 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር መቶ ይሞላል። በቀን 20 ሊትር ሻይ የሚያፈላ ሰው 2 ኪሎዋት-ሰዓት ለሻይ ብቻ አወጣ ማለት ነው። ባለ አንድ እጅ የኤስፕሬሶ ማሽን 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ከሞቀ በኋላ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ በስምንት ሰዓት ውስጥ የሚበላው አራት ኪሎዋት-ሰዓት ቢሆን ነው። ባለ ሁለት እጁን አታንሱት። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ብናስረው፣ የኢንቨርተሩን ብክነት ጨምረን፣ 300 አምፔር መጣ። ሞተሪኖ ሞተር ሲያስነሳ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የሚስበውን ያህል ነው፤ ምጣዱ ግን ለሰዓት ሊስበው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአሥር ኪሎዋት-ሰዓት የሚቆጠር ባትሪ ገዝቶ ሁሉንም በኤሌክትሪክ ማድረግ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ሰው ያድርገው። ሌላው ሙቀቱን ለጋዝ መስጠት ነው። ቦይለሩን በጋዝ የሚያሞቅ፣ ኤሌክትሪክ ለፓምፑና ለመቆጣጠሪያው ብቻ የሚፈልግ የቡና ማሽን ይሠራል፤ ፓምፑን በእጅ ዘንግ የተካም አለ። ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ስቶቭም ሻይውን ይጨርሰዋል። ይህ ውሳኔ ከየትኛውም የባትሪ ብራንድ ምርጫ ይበልጣል፤ የዕለቱን ፍጆታ ከስድስትና ሰባት ኪሎዋት-ሰዓት ወደ አንድ ያወርደዋልና።

ጋዝ ግን የራሱ ሕግ አለው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለል ወርዶ ይተኛል፤ መስኮት መክፈት ብቻ አያወጣውም። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ከባትሪውና ከማብሪያ ማጥፊያው ጋር አንድ ሳጥን መጋራት የለበትም፤ አንዱ በቀኝ ከሆነ ሌላው በግራ ይሁን። ከሰልን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ጀበናው የሚያምረው በከሰል ነው፤ ግን ከመኪናዋ ውጪ። በሩ ተዘግቶ ከሰል የነደደበት ሚኒባስ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል።

ሙቀቱ ከወጣ የቀረው ስሌት ቀላል ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ያለው ትንሽ ፍሪጅ በቀንና በሌሊት 480 ዋት-ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የ300 ዋት የቡና መፍጫ በዕለቱ ድምር አርባ አምስት ደቂቃ ቢዞር 225። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚበሩ 30 ዋት የኤልኢዲ መብራቶች 120። ስፒከሩ፣ ስልኮቹ፣ የውሃ ፓምፑ ተደምረው ከ200 አያልፉም። አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ሆነ። በዚህ ላይ ሰው የሚረሳው አንድ ሌባ አለ፤ ኢንቨርተሩ ራሱ። ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ ከ10 እስከ 30 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር የተለመደ ነው። በ20 ዋት ብናስበው ሌት ተቀን ሲበራ የሚጨርሰው ከፍሪጁ እኩል ነው። መፍጫውን ለማዞር ሲፈለግ ብቻ ይብራ፤ ሌላውን ዕቃ በቀጥታ በ12 ቮልት ማድረግ ይሻላል። ቤት ያለውን ባለ 220 ቮልት ፍሪጅ አምጥቶ መጫን የሚመስለውን ያህል ርካሽ አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከሚሠራበት ዋት አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ትልቅ ኢንቨርተር ያስገዛል።

ባትሪው ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ሶማሌ ተራ ወርዶ የካሚዮን ባትሪ በመግዛት ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ። የእርሳስ ባትሪ ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። ለሞተር ማስነሻ የሚሸጠው ዓይነት ውስጡ ቀጫጭን ሰሌዳዎች አሉት፤ ብዙ አምፔር ለጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ወዲያው በዲናሞ እንዲሞላ የተሠራ ነው። በየቀኑ እስከ ግማሹ ቢያወርዱት ጥቂት ወራት ቆይቶ ይሞታል፤ ግማሽ ሞልቶ ሲያድርም ሰሌዳው ላይ ሰልፌት እየደረቀበት አቅሙ ይሟሽሻል። ለሶላር የሚሸጡት ወፋፍራም ሰሌዳ ያላቸውና የጄል ዓይነቶች ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከግማሽ በታች ካወረዷቸው ዕድሜያቸው ይቆረጣል። 100 አምፔር-ሰዓት ተብሎ የተገዛው የሚሰጠው 50 ነው፤ ክብደቱ ግን 30 ኪሎ ገደማ።

ሊቲየም አንድ ዓይነት አይደለም። ለመኪና ሥራ የሚፈለገው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጉድኢናፍ ቡድን የወጣው ነው። ባለ ኒኬልና ኮባልቱ በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ኃይል ይይዛል፤ ሲጋል ግን ከራሱ ውስጥ ኦክስጅን እየለቀቀ ራሱን ያነዳል። ባለ ፎስፌቱ በዚህ በኩል በጣም የተረጋጋ ነው፤ ሰው የሚያድርበት መኪና ውስጥ ሌላውን ማስገባት አልመክርም። አራት ባለ 3.2 ቮልት ሴሎች ተከታታይ ሆነው 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። ባለ 100 አምፔር-ሰዓቱ 1.28 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ሰማንያና ዘጠና በመቶውን ቢወስዱበት አይከፋውም፤ ከሁለት ሺህ ዙር በላይ ይሠራል፤ ክብደቱም ከ11 እስከ 13 ኪሎ ነው። ሁለቱ በትይዩ ሲታሰሩ 2.56 ኪሎዋት-ሰዓት ሆኑ፤ ለእኛዋ ቡና ሻጭ ሁለት ቀን ገደማ ነው። ዋጋው ሲነገር ያስደነግጣል፤ በሚሰጠው ዙር ሲካፈል ግን ከእርሳሱ ይረክሳል።

ገበያው ላይ ያለው ወጥመድ የተጻፈውና ያለው አለመገናኘቱ ነው። ከኤሌክትሪክ መኪና የወጡ ያረጁ ሴሎች አዲስ ሽፋን ለብሰው፣ ትልቅ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ። የመጀመሪያው ፈተና ሚዛን ነው፤ «100 አምፔር» የተባለ ባለ 12.8 ቮልት ባትሪ ስድስት ኪሎ ከመዘነ ወሬ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖሎች በትይዩ ማሰር ነው። 110 ዋት ይስባሉ፤ እውነተኛው 100 አምፔር-ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያበራቸዋል። ጠዋት 1 ሰዓት በርተው 8 ሰዓት ላይ ከጠፉ የገዙት 60 ነው። አምፖሎቹ ስለሚግሉ ጡብ ላይ ይቀመጡ፤ ሻጩ ይህን ፈተና ከተቃወመ ሌላ ሱቅ አለ።

ሌላው ልማድ በቮልት መገመት ነው። በእርሳስ ባትሪ ያደገ ሰው ቮልቱን አይቶ «ግማሽ አለው» ይላል። ባለ ፎስፌቱ ግን ከሰማንያ በመቶ ጀምሮ እስከ ሠላሳ ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ከዚያ በድንገት ይወድቃል፤ ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ሰርኪዩት፣ ቢኤምኤሱ፣ ቀጥ አድርጎ ያጠፋዋል። ደንበኛ ተሰልፎ እያለ። የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር እየቆጠረ ቀሪውን በመቶኛ የሚያሳይ ባለ ሻንት መቆጣጠሪያ ዋጋው ከሌላው ዕቃ ጎን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከፓኔል በፊት ይገዛ።

አሁን ወደ ፀሐይ። አገራችን ታድላለች፤ አዲስ አበባ በበጋ በየካሬ ሜትሩ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት-ሰዓት ፀሐይ ታገኛለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ተኝቶ የተገጠመ 400 ዋት ፓኔል፣ ሙቀትና አቧራ፣ ሽቦና ኮንትሮለር የሚበሉት ሲቀነስ፣ በበጋ ቀን አንድ ተኩል፣ በክረምት ቀን አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ከትንሽ ይሰጣል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፓኔሉን ለማዘንበል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ዝናቡ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ ጥቂት ተዳፋት ይበቃል። ጠፍጣፋው የሚኒባስ ጣሪያ በዚህ በኩል ለእኛ የተሠራ ነው። ስፋቱ ግን ይገድባል። ዛሬ ለቤት የሚሸጠው 550 ዋት ፓኔል 2.3 ሜትር በ1.1 ሜትር፣ 28 ኪሎ ገደማ ነው፤ ተራ ሃይኤስ ላይ በቁመቷ አንዱ በደንብ ይተኛል፣ ሁለተኛው ግን ከመስኮት መስመር ያልፋል። ፖርቶ መጋላው ላይ ሌላ ዕቃ ከተጫነ ደግሞ ጥላው ፓኔሉ ላይ ይወድቃል።

ጥላ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች ተከታታይ ስለሆኑ አንድ ጥግ ላይ የወደቀ የእንጨት ምሰሶ ጥላ ሲሶውን ሊዘጋ ይችላል። ካዛንቺስ ደግሞ የፎቅ ሰፈር ነው፤ ራዲሰን፣ ኤሊሊ፣ ጁፒተር፣ የኢሲኤ ግቢ፣ ከእነሱ ቀጥሎ የሚነሱት አዳዲሶቹ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ 58 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስድሳ ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በስተሰሜኑ ወደ 38 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ጥላው ሌላ መንገድ ይሻገራል። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ ስለምትገኝ ጥላው በስተደቡብ ይወድቃል። በበጋ ጥሩ የነበረው የማቆሚያ ቦታ በክረምት ጥሩ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ሻጭ ግን ቦታውን የሚመርጠው በደንበኛ እንጂ በፀሐይ አይደለም፤ ደንበኛው ያለው ደግሞ ሕንፃው ሥር ነው። ስለዚህ ለካዛንቺስ ስሌት የክረምቱን ቁጥር በግማሽ መቁረጥ ይገባል፤ ከ400 ዋት ፓኔል የሚገኘው ወደ ግማሽ ኪሎዋት-ሰዓት፣ የሚያስፈልገው ከአንድ በላይ።

ጉድለቱን ዲናሞው በከፊል ይሸፍናል። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን የሥራውን ባትሪ ከመኪናው ባትሪ ጋር በወፍራም ገመድ ዝም ብሎ ያገናኛል። በእርሳስ ዘመን ይህ ያስኬድ ነበር። ሊቲየም ግን የቀረበለትን አምፔር ሁሉ ስለሚጎርስ ዲናሞው ሙሉ አቅሙን ለረጅም ጊዜ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ያውም መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ፣ ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ፣ የዲናሞው ማራገቢያም አብሮ በተኛበት ሰዓት። ውጤቱ የተቃጠለ ጥቅል ነው። መሃል ላይ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይግባ፤ ባለ 30 አምፔሩ 400 ዋት ገደማ ወስኖ ያሳልፋል። ጠዋት ከአያት ካዛንቺስ አንድ ሰዓት፣ ማታ መልስ አንድ ሰዓት የምትነዳ መኪና በዚህ ብቻ 0.8 ኪሎዋት-ሰዓት አገኘች። የአዲስ አበባ መንገድ መጨናነቅ የሚጠቅመው ነገር ቢኖር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ብሎ ቆሞ ሞተር ማስነሳት ግን ኪሳራ ነው፤ ጀነሬተርም ቢሆን ከፍታችን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከተጻፈበት አቅም ከአምስት አንድ ያህሉን ያጣል፤ ጩኸቱም ደንበኛ ያባርራል።

ዋናው ምንጭ እንግዲህ ማታ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ነው። ባለ 30 አምፔር ቻርጀር የቀኑን ፍጆታ በሦስት ሰዓት ይመልሳል። ግቢ ያለው ሰው ችግር የለበትም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ግን መኪናው ታች፣ ቆጣሪው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከመስኮት ገመድ መጣል ደግሞ ከዝናብም ከጎረቤትም ያጣላል። የማስበው መፍትሔ ባትሪውን ሁለት ከፍሎ መሥራት ነው። እያንዳንዱ 12 ኪሎ ገደማ፣ እጀታ ባለው ሳጥን፣ ተገልብጦ ሊሰካ በማይችል ወፍራም ማገናኛ። ማታ አንዱን ወይም ሁለቱን ይዞ ደረጃ መውጣት ይቻላል፤ በእርሳስ ባትሪ ይህን የሚያስብ የለም። ሁለቱን መልሶ በትይዩ ሲያስሩ ግን የሞላውን ከባዶው ጋር በቀጥታ አለማገናኘት ነው፤ ቮልታቸው መቀራረቡ አስቀድሞ ይታይ።

መብራት ሲጠፋስ? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሰፈር ውስጥ የሚጠፋው መብራት ግን ብዙውን ጊዜ የትራንስፎርመርና የማከፋፈያ መስመር ጣጣ ነው። የሁለት ቀን ባትሪ ማሰብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ አንድ ማታ ሳይሞላ ቢያድር ማግስቱን ይሸጣል። የሚያስፈራው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው፤ ቻርጀሩ ፊት ቮልት የሚቆጣጠርና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስገባ መከላከያ ይቀመጥ።

ሽቦ ላይ ስስት እሳት ይጠራል። 2,000 ዋት ኢንቨርተር በ12 ቮልት ሲሠራ 185 አምፔር ይስባል፤ 70 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ያስፈልገዋል። መርካቶ «መዳብ» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ላዩን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ አንዱን ክር በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ከሁለት ኪሎዋት በላይ የሚያስብ ሰው ወደ 24 ወይም 48 ቮልት ይሻገር፤ አምፔሩ ወደ ግማሽና ወደ ሩብ ይወርድለታል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል በስንዝር ርቀት ውስጥ ይግባ፤ ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ስለሚለቅ የተለመደው የመኪና ፊውዝ ቀልጦም ብልጭታውን ላያቋርጥ ይችላል፤ ለዚህ የተሠራ ዓይነት አለ። ከፍታችንም እዚህ ይገባል። ብዙ ኢንቨርተር ላይ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንደሆነ ተጽፏል፤ አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፣ ሳሳ ያለው አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። ከሚያስፈልገው ሃያ በመቶ ተርፎ ይገዛ።

ከከተማ ለሚወጣ ሰው ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ ሶኬት የለምና ሶላር ወደ ፊት ይመጣል፤ ሜዳ ላይ የሚቆም መኪና ጥላ የለበትም። ስሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ ሲያድሩ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ባለ ፎስፌት ባትሪን ከዜሮ በታች ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ለዘለዓለም ይጎዳል፤ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ይህንኑ ያደርጋል። ባትሪው ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይሁን ወይም በብርድ ቻርጅ የሚያቋርጥ ቢኤምኤስ ይኑረው። ዳናኪል ሲወርዱ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ከሞተሩ ይራቅ።

ወረቀቱም አይረሳ። ወንበር ተነቅሎ ሳጥን ሲገጠም የመኪናዋ አገልግሎት ተለውጧል፤ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ቦሎ ሲታደስ ጥያቄ ይነሳል። ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ከተቆረጠ በኋላ ከማስረዳት ይቀላል።

ይህ ሁሉ ስሌት የተሠራው በነዳጅ ለምትሄድ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ግን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናዎች መንገዱን እየሞሉት ነው። አንዳንዶቹ የቢዋይዲ ሞዴሎች ከራሳቸው ባትሪ ለውጭ ዕቃ 220 ቮልት የሚሰጡ ናቸው፤ ዩዋን ፕላስ ለምሳሌ፣ ትልቁን ባትሪ የያዘችው 60 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ አላት፤ ያውም ባለ ፎስፌት። ከላይ የደከምንበት 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሃያ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ለዚህች መኪና ባለ አንድ እጁ የቡና ማሽንም አይከብዳትም። ዋጋዋን፣ ውስጧ መጥበቧንና ለመሙላት የምትፈልገውን ሰዓት ያሰበ ሰው ዛሬ ቡና ቤት አያደርጋትም። ሚኒባስ ገዝቶ ጣሪያዋን ሊበሳ የተዘጋጀ ሰው ግን ቀዳዳውን ከማስቆፈሩ በፊት፣ ተመሳሳይ መውጫ ያለው የኤሌክትሪክ ቫን ዋጋ ስንት እንደደረሰ ቢጠይቅ አይጎዳም፤ ዘንድሮ ባያዋጣ እንኳ ቁጥሩን ይዞ ይመለሳል።